የዶርዜ ቤትና የሕንፃ ጥበብ ሚዛን

ስለ ሕንፃ ጥበብ የሚጽፉ ብዙዎች ከድንጋይ ያልተሠራውን ቤት «ጎጆ» ብለው ያልፉታል። እኛ ግን ይህን ሚዛን የጐደለ ሆኖ አግኝተነዋል።

በኢስታንቡል ከተማ፥ ስመ ጥሩው ሲናን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1550 እስከ 1557 ዓ.ም. ለሡልጣን ሱለይማን የሠራው መስጊድ ስለ ምን ይደነቃል? 53 ሜትር ያህል ከፍ ያለው ጉልላት ከመካከሉ ምሰሶ ሳይቆምበት፥ ክብደቱን በሁለት ግማሽ ጉልላቶችና በአራት ታላላቅ ዐምዶች ላይ አከፋፍሎ ሰፊውን አዳራሽ ስለሚሸፍን ነው።

ከአርባ ምንጭ በላይ በጉጌ ተራሮች የሚኖረው ዶርዜም ይህንኑ ጥያቄ በቀርከሃ መልሶታል። ቀርከሃውን ሰንጥቆ እንደ ሸማ ይሸምነዋል፤ ሽመናው ራሱ ግድግዳም ጣሪያም ሆኖ ያለ መካከለኛ ምሰሶ ይቆማል። ምስጥ ሥሩን ሲበላው የተበላው ይቈረጣል፤ ቤቱም ዝቅ ይላል እንጂ አይፈርስም። ባስፈለገም ጊዜ ሰዎች ተሸክመው ወደ ሌላ ስፍራ ይወስዱታል። ስለዚህ የቤቱ ቁመት የዕድሜው መዝገብ ነው።

ነቀፌታ የለበትም አንልም። ውስጡ ጨለማና ጢስ ይበዛበታል፤ በብርሃን አገባብ ሲናን እጅግ ይበልጣል። ነገር ግን ፊቱ ዝሆን መምሰሉን ብቻ አድንቆ መመለስ ትችት አይባልም።

ዛሬ የቆርቆሮ ክዳን በደጋው እየተስፋፋ ነው። የምህንድስና ተማሪዎቻችን የሲናንን ጉልላት በሚያጠኑበት ትጋት ይህንም ሽመና ከባለሙያዎቹ እጅ ሊማሩት ይገባል። ጥበብ የሚመዘነው በድንጋዩ ክብደት ሳይሆን፥ ችግሩን በፈታበት ብልሃት ነውና።