አፍ በፈቱበት ቋንቋ መመዘን

በአሜሪካ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው አንድ ድንጋጌ አለ፤ ልጅ ሲገመገም በተቻለ መጠን አፉን በፈታበት ቋንቋ ይሁን ይላል። እንግሊዝኛ አለመቻሉ ብቻውንም ለልዩ ትምህርት አያስመድበውም።

ይህ በትግል የተገኘ ነው። በካሊፎርኒያ ስፓኒሽ ተናጋሪ ልጆች በእንግሊዝኛ ተፈትነው የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው በተዘጋጀ ክፍል ተመደቡ። በቋንቋቸው እንደገና ሲፈተኑ አብዛኞቹ ቦታቸው እዚያ እንዳልነበረ ታወቀ። በልጆቹ ስም የቀረበው ክስ እ.ኤ.አ. በ1970 በስምምነት ተቋጨ፤ በ1975 የወጣው የፌዴራል ሕግም መርሁን አጸናው።

ሕጉ በአንድ ፈተና ውጤት ብቻ መወሰንንም ይከለክላል። የመምህሩ ምልከታ፣ የወላጅ ቃል፣ የልጁ የክፍል ሥራ አብረው ይታያሉ። በግምገማው ያልተስማማ ወላጅም በመንግሥት ወጪ በገለልተኛ ባለሙያ ሌላ ግምገማ እንዲደረግ መጠየቅ ይችላል።

በዋሽንግተን ዙሪያም ሆነ በሚኒሶታ ልጅ የምታሳድጉ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች፣ ይህ መብት የእናንተም ነው፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። ድጋፍ የሚያስፈልገው ልጅ ድጋፉን ያግኝ፤ የጎደለው እንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ደግሞ እንግሊዝኛ ይማር። ሁለቱን የሚለይ ምዘና ለልጁም ለትምህርት ቤቱም ትልቅ ውለታ ነው።