የሙታን ቀን ቆጠራና የታሪክ ልብ ወለድ

የታሪክ ልብ ወለድ መጻፍ የጀመሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ከሞት በኋላ የሚዘልቅ ፍቅርን ለአንባቢ እንዴት ማሳመን ይቻላል የሚል ነው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች መልሱን ይዘው ነው የሚመጡት፦ ሟቿ በሕልም ትታያለች፣ ወይም ነፍሷ ሌሊት መስኮት ታንኳኳለች። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በጉርድ ሾላ ከሚያገኛቸው ጀማሪዎች ጋር የማይስማማውም እዚህ ላይ ነው፤ በእሱ እምነት ደራሲ ስለ ሙታን ፍቅር ከመጻፉ በፊት በዘመኑ ለሟች ማን እንደሚያለቅስ፣ በስንተኛው ቀን ምን እንደሚደረግና ወጪውን ማን እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው የቻይና ሥነ ጽሑፍ ነው። ታንግ ሺያንዙ በ1598 እ.ኤ.አ. በደረሰውና 55 ትዕይንቶች ባሉት «ሙዳን ቲንግ» በተባለው ተውኔት፣ ዱ ሊኒያንግ የምትባል ልጃገረድ በሕልሟ ባየችው ወጣት ፍቅር መንምና ትሞታለች፤ በኋላም ወጣቱ መቃብሯን ከፍቶ ሕያው ሆና ያገኛታል። ነገሩ ተረት ቢመስልም የሚያስኬደው ቢሮክራሲ ነው፤ የሙታን ዓለም ዳኛ ጉዳይዋን የሚያየው መዝገብ አስወጥቶ ነው፤ ከዚያ ወጣት ጋር እንድትጋባ አስቀድሞ የተጻፈ መሆኑ ስለተገኘ ትለቀቃለች። በዚሁ ተውኔት ላይ አንድ ሰው ያጫቸውና ያገባቸው ሦስት ሴቶች በየተራ የጻፉት ሐተታ በ1694 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ የመጀመሪያዋ ሴት የሞተችው ከሠርጓ በፊት ነበር። ሊሳ ሲ የተባለችው አሜሪካዊት ደራሲ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ልብ ወለድ ይህችን ሴት ተራኪ አድርጋ፣ ነፍሷ ለምን በየሜዳው እንደምትንከራተት ትነግረናለች፤ በቤተ ዘመድ መሠዊያ ላይ የሚቆመውና የሟች ነፍስ ማደሪያ ነው ተብሎ የሚታመነው የስም ጽላት የመጨረሻዋ ነጥብ በቀለም ሳይነካበት በመቅረቱ ነው። መጽሐፉን የሚያንቀሳቅሰው ይህ ያልተፈጸመ ሥርዓት ነው፤ ናፍቆቱ የሚመጣው ከእሱ ቀጥሎ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከታተመበት ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ በአብዛኛው የፊውዳሉ ሥርዓት ትችት ሆኖ ሲነበብ መቆየቱ ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሁልጊዜ ጎደሎ ንባብ ሆኖበታል። አፍቃሪው በዛብህ ገና በልጅነቱ በእናቱ ስለት ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፤ ፍቅረኛው ሰብለ ወንጌል ደግሞ እሱን ፍለጋ ስትወጣ የምትሰወረው በመነኩሴ ልብስ ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚመነኩስ ሰው ለዓለም እንደ ሞተ ስለሚቆጠር፣ ለሟች የሚደርሰው ጸሎት በሕይወት ሳለ ይደርስለታል። ስለዚህ ሰብለ በቆብና በመቋሚያ ከአባቷ ቤት ስትወጣ፣ ለጊዜው ማታለያ የመሰለው ልብስ በዛብህ ከመሞቱ በፊት እሷን ወደ ሙታን ወገን አሻግሯታል። ከእሷ በፊት በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ»፣ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም በታተመው መጽሐፍ፣ ጀግናዋ ወንድ መስላ መንገድ ትወጣለች፤ የዚያ ልብስ ግን ከመንገድ አደጋ ከመሸሸግ ያለፈ ሸክም የለበትም።

የሥርዓቱ ዝርዝር ግን ዘመኑን ካልጠበቀ ሁሉን ያፈርሳል። ዛሬ በጉርድ ሾላ ሰው ሲሞት እድሩ በመንደሩ መንገድ ዳር ድንኳን ይተክላል፣ አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፣ ድስትና ሰሃኑ በቁጥር ይወጣል፤ ይህን በየሳምንቱ የሚያይ ጀማሪ ድንኳኑን ከነወንበሩ አንሥቶ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ጎጃም ይወስደዋል። እድር ግን የ20ኛው መቶ ዘመን፣ በተለይም የከተማ፣ ማኅበር ነው፤ በዚያ ዘመን እሱን ማቆም በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ የገባውን ባሕር ዛፍ ቀድሞ እንጦጦ ላይ እንደ ማብቀል ነው። በእድር ምትክ ለደራሲው የሚያገለግሉት ሌሎች ነገሮች ሞልተዋል፦ በለቅሶ ላይ ሙሾ የምታወርደው አልቃሽ፣ ለሟች ነፍስ የሚደርሰው ፍትሐት፣ ነፍስን በመንገዷ እንዲጠብቅ ከአስከሬን ጋር የሚቀበረው ልፋፈ ጽድቅ የተባለ የጸሎት ጽሑፍ፣ ከዚያም ሰልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት። ቻይናውያን በሰባት በሰባት እየቆጠሩ እስከ 49ኛው ቀን ሲደርሱ፣ በእኛ ዘንድ ትልቁ ተዝካር የሚወድቀው በ40ኛው ነው።

የፍቅር ልብ ወለድ ጉልበቱን የሚያገኘው ከነዚህ ቀናት የተገለለ ሰው ሲኖር ነው። ባል ወይም ሚስት ያልሆነ አፍቃሪ ከቤተ ዘመድ ጋር አይቀመጥም፤ አልቃሿ ሟችን ስታወድስ ስሙን አታነሣለትም፤ ተዝካር ላውጣ ቢል በምን መብት ይባላል። መስኮት የምታንኳኳ ነፍስ ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት ስለምትፈታው ለጸሐፊው ትቀልለዋለች፤ ለአንባቢው ግን ምንም አትተውለትም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሙያው ካተረፈለት ነገር አንዱ፣ በእውነተኛ ለቅሶ ላይ ሲቀመጥ ዓይኑ ከፊት ካሉት ሐዘንተኞች ይልቅ ጥግ ላይ ተቀምጦ ለሟቹ ምኑ እንደሆነ የማይነገርለትን ሰው መፈለጉ ነው። የገዛ ዘመዶቹን በቀበረበት ቀን እንኳ ይህ ልማድ አልተወውም፤ አንዳንድ ወዳጆቹ ጭካኔ ነው ይሉታል፣ እሱ ግን ሐዘኑን የቻለው በዚሁ እንደሆነ ይናገራል።

ጀማሪዎቹ ይህን አካሄድ በተግባር እንዲያሳያቸው ሲጠይቁት የሚሰጣቸው ምክር ሟቹ የሚሞትበትን ቀን እንዲያዛውሩ ነው። ሰውየው በኅዳር መጀመሪያ ቢሞት 40ኛው ቀን በጾመ ነቢያት ውስጥ ይውላል፤ በጥር 30 ቢሞት ደግሞ ፋሲካው በየትኛውም ዓመት የቱንም ያህል ቢቀድም ወይም ቢዘገይ 40ኛው ቀን ዐቢይ ጾም ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ በሬ አይታረድም፤ የዘመዱን ማዕረግ የሚያሳየው የሥጋ ድልድል ይቀርና ንፍሮ፣ ሽሮና ጠላ ከየቤቱ ይመጣል። በፍስክ ቀን በሩን አልፋ ልትገባ የማትችለው ሴት በጾሙ ንፍሮዋን በመሶብ ይዛ ከጎረቤቶቿ ጋር ትገባለች፤ የማን ንፍሮ ነው ብሎ የሚጠይቃት ስለማይኖር ደራሲው ትዕይንቱን ያለ ሕልምና ያለ መንፈስ መጻፍ ይችላል።