ሲሞኖቭ ከእንጨቱ በታች

ሲሞኖቭ ጠመንጃ ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያሳየኝ ሰደፉን ነው። እንጨቱ በዘይት ታሽቶ ያበራል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ወጥቷል። እኔ ጥይት አለመጉረሱን አይቼ በቀጥታ ወደ ብረቱ እሄዳለሁ። እዚህ ቴክሳስ ከውጭ የገቡ አሮጌ ጠመንጃዎችን እየፈታሁ ስጠግን የተማርኩት ይህንን ነው፤ እንጨት በአንድ ቅዳሜ ይታደሳል፣ ዝገት የበላው ብረት ግን አይመለስም።

ሲሞኖቭ ሁሉ አንድ አይደለም። የሶቪየት ጦር እ.ኤ.አ. በ1949 የታጠቀውን ይህን ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ቻይና፣ ዩጎዝላቪያ፣ ሩማንያና አልባኒያም ሠርተውታል። 7.62 በ39 የሆነ ጥይት አሥር መጉረሱ ያመሳስላቸዋል። ከሩስያዎቹ የላይኛው ክዳኑ ላይ ኮከብ ያለበት የቱላ ፋብሪካ ነው፤ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቀስት ካለበት የኢዤቭስክ። ኢዤቭስክ የሠራው በ1953 እና በ1954 ብቻ ስለሆነ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። በመዝጊያው፣ በክዳኑና በሰደፉ ላይ ያሉት ቁጥሮች ካልገጠሙ ግን ማኅተሙ ብቻውን ያን ዋጋ አያወጣም።

የዩጎዝላቪያው 59/66 አፈሙዙ ላይ ቦምብ መወንጨፊያ ስላለው ከሩቅ ይለያል። ብዙ ሰው የሚወደው በዚሁ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም እሱው ነው። ሩስያዎቹ በአብዛኛው የአፈሙዙን ውስጥ በክሮም ሲለብጡ ዩጎዝላቮች አልለበጡም። በዚያ ላይ ጨው የሚተው የድሮ ጥይት ተተኩሶበት ሳይታጠብ ካደረ፣ ዝገቱ ውስጥ ውስጡን ይሄዳል።

አንድ አዛውንት እንዲህ ያለውን ገዝተው መጡ። በወጣትነታቸው አገር ቤት ሲሞኖቭ የታጠቁ ወታደር ነበሩ።

«ልጄ፣ አንዴ ይተኩስና ቀለሁን አይተፋም። ሸወዱኝ መሰለኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይቺ የጋዝ መዝጊያ ለቦምብ እንደተዘጋች ቀርታ ነው። እርስዎ የያዙት የሩስያው ስለነበር ይቺ አልነበረችውም» ብዬ ቁልፏን ተጭኜ ከፈትኩላቸው። ፊታቸው በራ። መዝጊያዋን አውጥቼ ብርሃን ላይ ሳያት ግን ጠርዟ በዝገት ተቦርቡሯል፤ ብትከፈትም ጋዙ በጎን ያመልጣል። ሳይከፍሉ ቢያመጡት ኖሮ የመለዋወጫውን ዋጋ ከሻጩ ላይ ባስቀነስኩላቸው ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከሁሉ በላይ የማልደራደርበት ነገር መርፌው ነው። በአብዛኞቹ ሲሞኖቮች ላይ መርፌው ስፕሪንግ የለውም፤ በመዝጊያው ውስጥ እንዲሁ ይመላለሳል። መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ሲቀመጥ የተቀባው ወፍራም ግሪስ ደርቆ ወደ ፊት እንደወጣ ካስቀረው፣ መዝጊያው ገና ሲዘጋ ቃታ ሳይሳብ ይተኩሳል፤ ተከታታይም ሊሆን ይችላል። ሰው ይገድላል። ስለዚህ መዝጊያውን አውጥቼ ጆሮዬ ሥር እነቀንቀዋለሁ። ጤነኛ መርፌ ጠቅ ጠቅ ይላል።

የአዛውንቱ ጠመንጃ መዝጊያ ግን ድምፅ አልነበረውም። ፈትቼ ነጭ ጋዝ ውስጥ አሳደርኩት፤ በማግስቱ ቡናማው ግሪስ እንደ ሙጫ ተላቀቀ። መርፌውንና ቤቱን በጨርቅ አድርቄ መለስኩት። አዲስ የጋዝ መዝጊያ አስመጥቼ ገጥሜ ጠራኋቸው። ሲመጡ መጀመሪያ ያደረግሁት መዝጊያውን ጆሯቸው ሥር አስጠግቼ መነቅነቅ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«እንደገና አድርገው» አሉኝ።