ምርጫው የማን ነው?
(«ማስ ኢፌክት» በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ላይ የቀረበ አጭር ሂስ)

«የቪዲዮ ጨዋታ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሂስ ጉዳይ የሆነው?» የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ጥያቄው አግባብ አለው። አብዛኞቹ ጨዋታዎች ተኩሶ ማለፍና ነጥብ መቁጠር ናቸው፤ ስለ እነሱ የሚባለው በአንድ አንቀጽ ያልቃል። ይሁን እንጂ ገጸ ባሕርይ ያለው፣ ግጭት ያለው፣ ታሪኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተያያዘ ሥራ ሲገኝ «ወረቀት ላይ አልተጻፈም» ብሎ ጀርባ መስጠት ስንፍና ነው። ተረትስ መች በወረቀት ተጀመረና!

ለዛሬ የመረጥነው የካናዳው ባዮዌር ኩባንያ የሠራውን «ማስ ኢፌክት»ን ነው። አንደኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2007፣ ሁለተኛው በ2010፣ ሦስተኛው በ2012 ወጣ፤ በ2021 ሦስቱም ታድሰው በአንድነት ቀረቡ። ታሪኩ በ2183 ይጀምራል። የሰው ልጅ ከዋክብትን ተሻግሮ ከሌሎች ፍጥረታት ጋር ይኖራል። ሪፐርስ የሚባሉ ጥንታዊ ማሽኖች ግን በየሃምሳ ሺህ ዓመቱ እየመጡ የሠለጠነውን ፍጥረት ሁሉ ያጭዳሉ። ይህን ለመመከት የሚነሳው መኮንን ሼፐርድ ነው። ሼፐርድን ወንድ ወይም ሴት የሚያደርገው፣ የሚናገረውንና የሚወስነውንም የሚመርጥለት ተጫዋቹ ነው።

ታዲያ ሰው ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ የሚቀመጥለት ለምንድን ነው? ለጠፈር መርከቡና ለተኩሱ ነው የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም፤ ተኩስማ በየጨዋታው ሞልቷል። የዚህኛው ጉልበት አለመርሳቱ ነው። በአንደኛው ክፍል ያደረግነው ተመዝግቦ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ይሻገራል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የምናነብ ሰዎች በዛብህ እንዳይሞት ምንም ብንመኝ ገጹን ከመግለጥ በቀር የምናደርገው የለም። እናዝናለን፤ አንጸጸትም፤ የገደልነው እኛ አይደለንማ! «ማስ ኢፌክት» ግን ጸጸትን ይዞ ይመጣል። እኛን አብሮ ጥፋተኛ ያደርገናል።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። ክሮጋን የሚባል ጦረኛ ሕዝብ አለ። ሳላሪያን የተባሉት ብልህ ፍጥረታት ይህን ሕዝብ አሠልጥነው፣ አስታጥቀው፣ ራክናይ ከሚባሉ ጠላቶች ጋር አዋጉት። ጦርነቱ አለቀ። ክሮጋን በዛና የሌሎችን ምድር መቀማት ሲጀምር ሳላሪያኖች ጄኖፌጅ የሚባል በሽታ ፈለሰፉለት፤ ቱሪያን የተባሉት ወታደሮች ወስደው በተኑት። ከዚያ ወዲህ ከሺህ የክሮጋን ፅንስ አንዱ ቢተርፍ ነው። ሲያስፈልግ ወታደር፣ ሲያሰጋ መካን! ደራሲዎቹ ይህን በአንድ ክፉ ሰው ላይ አላላከኩትም። ያደረጉት አስተዋዮችና ሕግ አክባሪዎች ናቸው፤ ማስረጃቸውም በቁጥር የተደገፈ ነው።

ሞርዲን ሶለስ ከነዚህ አስተዋዮች አንዱ ነው። ሐኪም ነው፣ ሳላሪያን ነው፣ ሲናገር ቃል ይውጣል፣ ሲለው ይዘፍናል፤ የማይወደው ተጫዋች አላየንም። ክሮጋን በሽታውን እየለመደ ሲሄድ አጠንክሮ ያደሰው ቡድን አባልም ነበር። በሁለተኛው ክፍል ቱቻንካ በምትባለው የክሮጋን ምድር የቀድሞ ተማሪው መድኃኒት እናገኛለን ብሎ በሰው ላይ የጭካኔ ሙከራ ሲያደርግ ይደርስበታል። እዚያ የሞተች አንዲት የክሮጋን ሴት ያያል። ልጅ ለማግኘት ስትል ራሷ ፈቅዳ ለሙከራ የገባች ናት። ለፋፊው ሞርዲን እዚህ ላይ ቃሉ ይደክማል። እኛ እንደምናምነው የሥራው ከፍተኛ ቦታ ይህ ነው። ቁጥር ሆኖ የከረመው ነገር ሬሳ ሆኖ መጣ።

ወዲያው ምርጫው የእኛ ይሆናል፦ በዚህ ጭካኔ የተሰበሰበው ጥናት ይጥፋ ወይስ ይቀመጥ? ካጠፋነው በሦስተኛው ክፍል ለመድኃኒቱ ሰውነቷን የሰጠችው ሔዋን የተባለች ሌላ የክሮጋን ሴት ትሞታለች። ንጹሕ እጅ ይዘን መውጣታችን እሷን ገደላት ማለት ነው።

እዚህ ድረስ አመስግነናል፤ አሁን ወደ ወቀሳችን እንግባ። ሬክስ የሚባል ክሮጋን ጓድ አለን። በአንደኛው ክፍል ለሕዝቡ ተስፋ የሆነውን ቤተ ሙከራ ልናፈርስ ስንነሳ መሣሪያ ይመዝብናል። ማግባባት ካልቻልን ይሞታል። ከዚያ በፊት የቤተሰቡን ጥሩር ፈልገን መልሰንለት ከሆነ ግን ልቡ ይራራል። ሬክስ ከሞተ ሕዝቡን የሚመራው ሪቭ ነው፤ ትዕቢተኛ፣ በቀል እንጂ ሌላ የማያውቅ። በሦስተኛው ክፍል የሳላሪያኖች መሪ «መድኃኒቱ እንዳይሠራ አድርጉ፣ ጦር እሰጣችኋለሁ» ትለናለች። ሬክስን ብናታልል ይደርስብናል፤ ጠመንጃ ይዞ ይመጣል፣ እሱንም እንገድላለን። ሪቭን ብናታልል ግን አያውቅም! የሁለቱንም ጦር እናገኛለን። ሔዋንም ሞታ ከሆነ ሞርዲን ራሱ መድኃኒቱን ለመተው ሊግባባ ይችላል፤ በሕይወትም ይተርፋል።

እንዴ! የአንድ ሕዝብ ልጅ የመውለድ መብት በመሪው ጠባይ ይመዘናል ማለት ነው? ሪቭ ክፉ ስለሆነ ነገ የሚወለደው ሕፃን ምን አጠፋ? ጨዋታው ይህን አይጠይቀንም። ሒሳቡን አቅርቦ ዝም ይላል። እኛም እንናዘዝ፦ ሪቭን አታለናል። የጦራችን ቁጥር ሲጨምር ደስ ብሎናል። ያፈርነው ኋላ ነው፣ ስንነጋገርበት። ዝምታው የደራሲዎቹ ብልሃት ነው የሚል ወዳጅ አለን፤ እኛ ግን ሸፍጡ ሳይቀጣ እንዲያልፍ የተደረገው ሪቭ እንዲጠላ ሆኖ ስለተቀረጸ ነው እንላለን።

ሌላው ጉድለት የሕሊና ሚዛኑ ነው። ደግ ሥራ በሰማያዊ፣ ጨካኝ ሥራ በቀይ ይቆጠራል። ደጉ መልስም ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው ከላይ ስለሆነ ሳያነቡ ላይ ላዩን መጫን ይቻላል። ሞርዲንን የፈጠረ ብዕር ይህን ምን አመጣው? የመጨረሻው መጨረሻም ያው ነው፤ ያን ሁሉ የተሸከመ ታሪክ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ምርጫ ላይ ያርፋል። ተጫዋቾች ስለጮኹ ኩባንያው በዚያው በ2012 በሰኔ ማብራሪያ ጨመረበት። ማብራሪያ ግን መጨረሻን አያድንም።

ይህም ሆኖ ሥራው ይነበብ፣ ማለት ይጫወቱት እንላለን። ከአንድ ልብ ወለድ የሚፈለገው ዋና ነገር ከዘጋነው በኋላም የሚያከራክር ጥያቄ እንዲተውልን ነው፤ ይሄኛው ትቶልናል። ሪቭን ያላታለለ ካለ፣ ለምን እንዳላታለለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።