ኩረጃ ነው ወይስ ትምህርት?

አንድ ወዳጄ ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩትን የሥዕል መጽሐፍ ሲያገላብጥ የንጉሠ ነገሥት ዮንግዠንግን ዘመን አንድ የአበባ ማስቀመጫ አየና፣ «የጥንቱን መስሎ የተሠራ ነው ይላል፤ ታዲያ ኩረጃ አይደል?» ብሎ ገጹን አለፈው። እኔ ግን አላለፍኩትም። ይህችን ቃል እርስ በርሳችን ግጥም ላይም እንደ ጠጠር መወራወር ለምደናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዮንግዠንግ (እ.ኤ.አ. 1723–1735) በሶንግ ሥርወ መንግሥት (960–1279) የተሠሩ ሸክላዎችን አጥብቆ ይወድ ነበር። ከቤተ መንግሥት ናሙና እየተላከ በጂንግደዠን እቶኖች አምሳያው ይሠራል። በ1728 ወደዚያ የተላከው ሹም ታንግ ዪንግ ስለ ሸክላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ሹም ነኝ ሳይል ሦስት ዓመት ከሠራተኞቹ ጋር እየበላ፣ ከነሱው ጋር እያደረ ተማረ። በ1735 ባዘጋጀው ዝርዝር ከሃምሳ በላይ የሥራ ዓይነት ቆጥሯል፤ ብዙው የጥንቱን መምሰል ነው።

መምሰሉ ቀላል እንዳይመስላችሁ። «ጓን» የሚባለው የሶንግ ሸክላ ጭቃው ጠቆር ያለ ነው። በላዩ ያለው የመስተዋት ልባስ ከእቶን ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ከጭቃው ይበልጥ ይኮማተርና ይሰነጣጠቃል። ስንጥቁ እንከን መሆኑ ቀርቶ ውበት ሆነ። የጂንግደዠን ጭቃ ግን ነጭ ነው! ስለዚህ ስንጥቁን በልባሱ ቅመማ አመጡት፤ ይህ እውነተኛ ትምህርት ነው፣ እጄን አነሣለሁ። የእግሩን ጠርዝ ግን ጥቁር ጭቃ እንዲመስል ቡናማ ቀቡት።

እኔና እነሱ የምንጣላው እዚህ ላይ ነው። ዕቃው ተገልብጦ የተነሣበትን ፎቶግራፍ ተመልከቱ። መካከሉ ላይ በሰማያዊ ቀለም «በታላቁ ቺንግ፣ በዮንግዠንግ ዘመን ተሠራ» የሚል ማኅተም አለ። ጥንታዊ ነኝ አላለም፤ ዘመኑን ፈርሟል። ጥቂት ጣቶች ራቅ ብሎ ግን ያ የተቀባ ጠርዝ ይዋሻል። እውነቱና ውሸቱ አንድ ቂጥ ላይ!

በልጁ በቺየንሎንግ ዘመን (1736–1795) ነገሩ ባሰ። ሸክላው እንጨት፣ ነሐስ፣ ድንጋይ መሰለ። ችሎታ ነው፣ አልክድም፤ ግን አይቼ «እንዴት አደረጉት?» እላለሁ እንጂ ዕቃውን አልወደውም። ንጉሡም አርፎ አልተቀመጠም፤ በጥንቶቹ ሸክላዎች ላይ የራሱን ግጥም አስቀረጸባቸው።

ለወዳጄ ገጹን መልሼ አሳየሁት። ማኅተሙን ሲያይ ኩረጃ የሚለውን ቃል አነሣ። ስለ ቡናማው ጠርዝ ግን አልተስማማንም፤ እሱ «ጌጥ ነው» ይላል።