የላንጋ ሰው ማን ነው?



ስለ አንድ ከተማ ወይም ሰፈር የሚጻፍ ታሪክ ብዙውን ጊዜ አንድ የተለመደ ምዕራፍ አለው፤ «ከዚህ ስፍራ የወጡ ታላላቅ ሰዎች» የሚል። እከሌ እዚህ ተወለደ፣ እከሊት እዚህ አደገች፣ እከሌ እዚህ ይኖር ነበር ይባላል። አንባቢውም ስሞቹን ቆጥሮ፣ ተደንቆ ያልፋል። ዝርዝሩ በምን ሚዛን ተመዝኖ ወጣ? ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ ሚዛኑን ራሱን እንመዝነው። ለምሳሌ የምናነሣት በደቡብ አፍሪካ፣ በኬፕታውን ከተማ የምትገኘውን ላንጋን ነው።

ላንጋ እ.ኤ.አ. በ1927 ተቆረቆረች። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) «ተቆረቆረች» ሲባል ግን ሰዎች ውሃና ገበያ አይተው በፈቃዳቸው የሰፈሩባት እንዳይመስላችሁ። የነጮቹ መንግሥት በ1923 ባወጣው ሕግ ጥቁሩ ሰው በከተማው ውስጥ ጉልበቱን እንዲሸጥ እንጂ ከነጩ ጎን እንዲኖር አልፈቀደም። ስለዚህ ከመሐል ከተማው ራቅ ያለ ቦታ ከለለለት። እንዲህ ያሉት ሰፈሮች «ታውንሺፕ» ይባላሉ። በኬፕታውን ዛሬም ድረስ ካሉት ታውንሺፖች መካከል ላንጋ በዕድሜ ትልቋ ናት።

ከዚህች ሰፈር ስማቸው የገነነ ሰዎች መውጣታቸው አያጠያይቅም። ዘፋኟ ብሬንዳ ፋሲ በ1964 የተወለደችው እዚሁ ነው። የደቡብ አፍሪካን የክሪኬት ብሔራዊ ቡድን በአምበልነት መርቶ በ2025 ለዓለም ሻምፒዮናነት ያበቃው ቴምባ ባቩማ ያደገው በላንጋ ጎዳናዎች ላይ ነው። ፊሊፕ ክጎሳናም አለ። እርሱ የላንጋ ተወላጅ አልነበረም፤ ለዩኒቨርስቲ ትምህርት ከሰሜን መጥቶ የላንጋ ነዋሪ የሆነ ወጣት ነበር። መጋቢት 30 ቀን 1960 ገና በ23 ዓመቱ ወደ 30 ሺህ የሚገመት ሕዝብ እየመራ፣ የይለፍ ወረቀት ሕግን በመቃወም እስከ መሐል ከተማው ፖሊስ ጣቢያ ድረስ በሰላም ዘመተ። ሹሞቹ «ሚኒስትሩን ታነጋግራለህ፤ ሕዝቡን መልስ» አሉት። ቃላቸውን አምኖ ሕዝቡን መለሰ። ለቀጠሮው ሲመለስ ግን አሰሩት። በኋላ ከሀገሩ ተሰደደ፤ በስደቱም ዘመን በእኛው አዲስ አበባ በዩኒቨርስቲ ተምሯል። በ2017 ካረፈ በኋላ፣ ያ ሰልፍ የተጓዘበት ታላቅ ጎዳና በስሙ ተሰይሟል።

እስከዚህ ድረስ ዝርዝሩ መልካም ነው። የሕዝቡን ልብ በድምፅዋ ያስደሰተች፣ በጨዋታ ያኮራ፣ ለመብት የታገለ ቢታወስ የሚነቀፍ ነገር የለውም። ነቀፌታችን በተጻፉት ስሞች ላይ አይደለም። ነቀፌታችን «የተወለደ ወይም የኖረ» በሚለው ወንፊት ላይ ነው። ይህ ወንፊት ከላንጋ ባለውለታዎች አንዱን አንጠባጥቧልና።

ሰውዬው ኢማም ዐብዱላህ ሃሩን ናቸው። በ1924 በኬፕታውን ተወለዱ፤ በመካ ተማሩ፤ በ1955 በክሌርሞንት የሚገኘው የአል-ጃሚዓ መስጊድ ኢማም ሆነው ተመረጡ። ለኑሯቸው ደግሞ የአንድ ከረሜላ ፋብሪካ ሻጭ ሆነው ይሠሩ ነበር። ይህ ሥራ ለሌላው የእንጀራ ጉዳይ ብቻ በሆነ ነበር። ለእርሳቸው ግን የተዘጋ በር መክፈቻ ሆነላቸው፤ በንግድ ምክንያት ላንጋ፣ ጉጉሌቱና ኒያንጋ እየገቡ ዳዕዋ አደረጉ፤ አባወራው ለታሰረበት ቤተሰብ ገንዘብና ስንቅ አደረሱ። የላንጋ ሰዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች አልነበሩም፤ ይሁን እንጂ ኢማሙን በራሳቸው ቋንቋ «ምፉንዲሲ» ብለው ይጠሯቸው ነበር፤ ለቄሶቻቸው የሚሰጡት የአክብሮት ስም ነው። የሌላ እምነት ተከታይ የሆነ ድሃ ሕዝብ ለአንድ ኢማም የራሱን የመምህር ማዕረግ ሲሰጥ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክርነት ይፈለጋል?

ግንቦት 28 ቀን 1969 የደኅንነት ፖሊሶች ያዟቸው። ክስ ሳይመሠረትባቸው ለብቻቸው ተዘግቶባቸው 123 ቀን ቆዩ፤ መስከረም 27 ቀን በእስር እንዳሉ ሞቱ። ፖሊስ «ከደረጃ ወደቁ» አለ። በአስከሬናቸው ላይ ግን ከሃያ በላይ የሰንበር ምልክቶችና የተሰበረ የጎን አጥንት ተገኝቷል። በቀብራቸው ላይ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሕዝብ ጀናዛቸውን ተሸክሞ በእግሩ ሄደ። በዘመኑ ከነበሩት የሙስሊም መሪዎች ብዙዎቹ ግን ዝምታን መርጠው ነበር፤ ይህን እውነት መሸፈን አይገባንም። ፍርድ ቤት ጉዳዩን እንደገና መርምሮ የሞታቸው ምክንያት በፖሊስ እጅ የደረሰባቸው ግርፋትና ሥቃይ መሆኑን የበየነው ጥቅምት 9 ቀን 2023 ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጋሊማ ይህን ፍርድ ለማየት አልታደሉም፤ በ2019 ወደ አኼራ ሄደዋል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ኢማሙ የላንጋ ሰው ናቸው ወይስ አይደሉም? አልተወለዱባትም፤ አልኖሩባትም። እንኖር ቢሉም አይችሉም ነበር፤ የዘር መለያው ሕግ እርሳቸውን ከጥቁሮቹ ለይቶ በሌላ መዝገብ ጽፏቸዋልና። ስለዚህ «የላንጋ ታላላቅ ሰዎች» ብሎ በትውልድና በመኖሪያ ብቻ የሚቆጥር ጸሐፊ፣ ሳያስበው የዚያን ሕግ መዝገብ እየገለበጠ ነው። ሽቦው ከተነሣ በኋላ የአጥሩን ሥራ ብዕር ቀጠለበት ማለት ነው።

«ዝርዝር ወሰን ያስፈልገዋል፤ አለዚያ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ይገባበታል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ወሰን ያስፈልጋል። ነገር ግን ወሰኑ ሰውዬው የት ተኛ የሚለው ሳይሆን ለማን ደከመ የሚለው ቢሆን ምን ይጎዳል?

ውድ አንባብያን፣ ይህ ለእኛ እንግዳ ሚዛን አይደለም። መዲናን አስቡ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተወለዱት በመካ ነው። ቢላል (ረ.ዐ) ሐበሻ፣ ሰልማን (ረ.ዐ) ፋርሳዊ፣ ሱሀይብ (ረ.ዐ) ሩማዊ ይባሉ ነበር። መዲና ታላላቆቿን በትውልድ ብቻ ብትቆጥር ኖሮ ከዝርዝሯ ስንቱ በቀረ! የአንሷሮች ክብርም የተገኘው ከውጭ የመጣውን «የእኛ ነው» ብለው በመቀበላቸው ነው። አላህም (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት ነገድና ጎሳ ለመተዋወቂያ እንደሆነ፣ ክብር ግን በተቅዋ እንደሚለካ አስተምሮናል።

ደግሞ መስጊድ ትጠርግ የነበረችውን ሴት አስታውሱ። በሌሊት ሞተች፤ ሰሐቦች ጉዳይዋን አቅልለው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሳይነግሩ ቀበሯት። እርሳቸው ግን አጥተዋት ጠየቁ፤ ቀብሯን አሳዩኝ ብለው ሄደው ሰገዱባት። በእርሳቸው ዘንድ ታላቅ ሰው ማለት ሲጎድል የሚጠየቅለት ነበር።

ታዲያ እኛስ? ቢላል ሐበሻ ነው፣ ነጃሺ የእኛ ንጉሥ ነው እያልን ስንኮራ እንውላለን። የምንኮራው በደማቸው ነው ወይስ በሥራቸው? ነጃሺ (ረ.ዐ) የሚታወሱት ስደተኛን አሳልፈው ባለመስጠታቸው ነው። በየሰፈራችን «የእኛ ልጅ» ብለን የምንቆጥረው ነጋዴውን፣ ኳስ ተጫዋቹን፣ ባለሥልጣኑን ነው። ለልጆቻችን አሊፍ ባ ታ እያስቆጠረ ያረጀው ኡስታዝ፣ ባለቤት የሌለውን ጀናዛ የምታጥበው እናት፣ ከገጠር ስለመጡ ብቻ ሃያ ዓመት ኖረውም «መጤ» ናቸው።

ይህ የወግ ጨዋታ ብቻ አይደለም። «የሰፈሩ ሰው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ደም ያፈሳል። በ2008 በጆሃንስበርግ፣ አሌክሳንድራ በተባለችው ታውንሺፕ በመጤዎች ላይ የተጀመረው ጥቃት ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛምቶ ከስልሳ በላይ ሰዎችን ገድሏል። በእነዚያ ሰፈሮች ሱቅ ከፍተው የሚነግዱ ወገኖቻችንም በተደጋጋሚ ተዘርፈዋል። ትናንት በአጥር የተከለለው ሕዝብ ዛሬ ሌላውን በአጥር ሲከልል ማየት ያሳዝናል። ነገር ግን በእነርሱ ላይ ከመፍረዳችን በፊት በራሳችን ደጃፍ ያለውን አጥር እንይ።

ስለዚህ የሰፈራችሁን ታሪክ ስትጽፉ፣ ለልጆቻችሁም ስትተርኩ፣ «ማን ተወለደ?» ካላችሁ በኋላ «ማን ደከመልን? ማን ሲጎድል ጎደለብን?» በሉ። ያን ጊዜ ምናልባት ከዝርዝሩ አናት የሚገኘው፣ ሰፈሩ ውስጥ አንድም ሌሊት ያላደረ ሰው ሊሆን ይችላል።

አላህ (ሱ.ወ) ኢማም ዐብዱላህ ሃሩንን በራሕመቱ ይቀበላቸው፤ እኛንም ሰውን በትክክለኛ ሚዛን የምንመዝን ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።