ስንት ሜትር ነው?

የኛ ሰው አውሬ ሊያይ ሲሄድ ሦስት ጥያቄ በኪሱ ይዞ ነው። «ስንት ሜትር ነው?» «ሰው በልቶ ያውቃል?» «ቆዳው ስንት ያወጣል?» እነዚህ ከተመለሱለት ፎቶውን ተነስቶ፣ ለስላሳውን ጠጥቶ፣ «አየሁት እኮ!» እያለ ይመለሳል። ምኑን እንዳየ የሚጠይቀው የለም። እስቲ ዛሬ እኔ ልጠይቀው።

ሰሞኑን ላንቴ ነበርኩ። ላንቴን ለማታውቁ፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአባያ ሐይቅ በኩል የምትገኝ የሙዝ አገር ናት። አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ የምትልጡት ሙዝ ከእነዚህ መንደሮች በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ ሊሆን ይችላል። ካረፍኩበት ቤት ልጅ ጋር ሆነን አርባ ምንጭ ወደሚገኘው የአዞ እርባታ ሄድን። ልጁ ሐይቁ ዳር ያደገ ጎረምሳ ነው፤ አዞ ለማየት ተብሎ ገንዘብ መከፈሉ በጣም አስቆታል። «ጋሼ፣ እኛ ጋ እኮ በነፃ ነው የሚመጣው» አለኝ።

እርባታው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲቋቋም ታስቦ የነበረው ለጎብኚ ሳይሆን ለቆዳ ነው። እንቁላሉ ከሐይቅ ዳር ይሰበሰባል፣ ይፈለፈላል፣ ጫጩቱ በግንብ ገንዳ ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የቦርሳና የቀበቶ ነጋዴ ያውቀዋል። አስጎብኚያችን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። እናትየው ከ30 እስከ 60 የሚደርስ እንቁላል አሸዋ ውስጥ እንደምትቀብር፣ ሦስት ወር ገደማ ከአጠገቡ ሳትርቅ እንደምትጠብቅ፣ ጫጩቶቹ ከውስጥ ሲጮሁ ቆፍራ አውጥታ በዚያ በምንፈራው አፏ ይዛ ወደ ውሃ እንደምትወስዳቸው ነገረን። ይሄ ብቻ አይደለም፤ ጫጩቱ ወንድ ይሁን ሴት የሚወስነው የጎጆው ሙቀት ነው። እኔ እዚህ ላይ አፌን ከፍቼ ቀርቻለሁ። አብረውን ከሚጎበኙት አንዱ ግን ሰውየው ንግግሩን እስኪጨርስ አላስቻለውም። «ይቅርታ፣ ለአንድ ጥንድ ጫማ ስንት አዞ ይፈጃል?»

ሌላው ጠጠር አነሳ። አዞዎቹ እንደ ግንድ ተጋድመው አልነቃነቅ ስላሉት ተናዷል። የከፈለበት ነገር አልሠራለትማ! አንዷን በጠጠር መታት፤ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። «የሞተ ነው እንዴ ያስቀመጡት?» አለና ሁሉም ሳቀ። የላንቴው ልጅ ብቻ አልሳቀም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሰዎቹ ለምን ይናደዳሉ? አዞ የሚፈራው እኮ ዝም ሲል ነው» አለኝ።

በዚያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው። አዞ አሯሯጭ አይደለም፤ አድፋጭ ነው። ዓይንና አፍንጫውን ብቻ ብቅ አድርጎ፣ ከብት ልታጠጣ ወይም ውሃ ልትቀዳ የምትመጣውን ልጅ ሳይሰለች ይጠብቃል። የሐይቅ ዳር ልጅ ይህን የሚያውቀው ከጎረቤት ለቅሶ ነው። በግንብ ተከልሎ የምናየው አዞ ግን ተቃራኒውን ሊያስተምር ይችላል። ዝም ያለ ሰነፍ ነው፣ ጠጠር ቢወረወርበት ምንም አያመጣም ያሰኛል። ያንን ትምህርት ይዞ ነገ ጫሞ ዳር እግሩን ውሃ ውስጥ የሚነክር ሕፃን ይኖራል። ስለዚህ በየማቆያችን በር ላይ «አትንኩ» እና «አትመግቡ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ለምን ዝም እንዳለም ይጻፍ። አርባ ምንጭ ላይ ከሆነ ደግሞ በጋሞኛም ጭምር።

«ይሄ የክፍለ አገር ነገር ነው» የሚል አዲስ አበቤ ካለ ወደ ስድስት ኪሎ ልውሰደው። አንበሳ ግቢው እ.ኤ.አ. በ1948 በንጉሡ ዘመን ተቋቋመ። ስንት ትውልድ ቆሎውን እየቆረጠመ ጥቁር ጎፈር ያላቸውን አንበሶች ተመልክቷል! በ2006 የግቢው ኃላፊ ለውጭ ጋዜጠኞች የተናገሩት ግን የሚሰቀጥጥ ነበር። ቦታና ገንዘብ ስለሌለ ግልገሎች በመርዝ ይገደላሉ፤ ሬሳቸውም አድርቀው ለጌጥ ለሚሸጡ ሰዎች ይሸጣል። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ ተመራማሪዎች የግቢውን 15 አንበሶች የዘር ቅንጣት መርምረው ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች ጋር ሲያነጻጽሩት የተለዩ ሆነው አገኟቸው። ይታያችሁ! ስንመርዝ የኖርነው ምትክ የማይገኝለትን ዘር ነው። ከስልሳ ዓመት በላይ አይተናቸዋል፤ እነማን እንደሆኑ ለመጠየቅ ግን አልቸኮልንም።

ከዚያ አዲስ ነገር መጣ። መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት አንድነት ፓርክ ተመረቀ፤ የእንስሳት ማቆያም አብሮ ተሠራለት። ሰው ነጭ አንበሳ ሊያይ ጎረፈ። ግቢው ማማሩን አልክድም፤ አውሬ በጠባብ የብረት ፍርግርግ ውስጥ ሲንጎራደድ ከማየት ሰፋ ባለና በጸዳ ቦታ ማየት በስንት ጣዕሙ! ግን ነጭ አንበሳ የኛ አይደለም፤ የተፈጥሮ አገሩ ደቡብ አፍሪካ ነው። እንግዳ ሲመጣ ነጠላ አጣፍተን እንቀበላለን፤ የቤታችን ልጅ ሲጠፋ ግን ማን ነው የሚቆጥረው?

ሩቅ ሳንሄድ ወደ አርባ ምንጭ እንመለስ። ነጭ ሳር ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲቋቋም ዋናው ምክንያት ቆርኬን መጠበቅ ነበር። ይህ ዓይነቱ ቆርኬ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም። በነጭ ሳር ሜዳ ግን በየዓመቱ እየተመናመነ ሄዶ ሄዶ፣ ዛሬ ቆርኬ ማየት እፈልጋለሁ የሚል እንግዳ የሚላከው ወደ ሰንቀሌ ነው። የእርባታውን ግንብ ደገፍ ብለን ከምንሳሳቅበት ቦታ ፓርኩ ሩቅ አይደለም። ቆርኬ ሲጠፋ ግን ሪባን አይቆረጥም፣ ካሜራም አይመጣም።

እዚያው ሜዳ ላይ ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከካምብሪጅ ለጥናት የመጡ ሰዎች በነጭ ሳር የአፈር መንገድ ላይ መኪና የዳጠው የሌሊት ወፍራፍ አገኙ፤ በምሽት የሚበር፣ ነፍሳት የሚለቅም ወፍ ነው። ከሬሳው ሊተርፍ የቻለው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ክንፉን ከታወቁት ወፎች ሁሉ ጋር ቢያስተያዩት አልገጥም አለ፤ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ። የሳይንስ ስሙም «ብቸኛ ክንፍ» እንደማለት ነው። በዓለም ላይ ስለዚህ ወፍ በእጅ የተያዘ ማስረጃ ያ ክንፍ ነው።

ለላንቴው ልጅ ይህን ስነግረው ስንት ሜትር ነው አላለኝም። «ጋሼ፣ ክንፉ አሁን የት ነው ያለው?» ሲል ጠየቀኝ። እንግሊዝ አገር፣ ሙዚየም ውስጥ ነው አልኩት።